የግራው ነጠላ ወንበር

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17 ቀን 2019 እናቴ ለባሌ የደገሰችው ድግስ ሳያልቅ ተበተነ። ድስቱ እንደሞቀ፣ ከበሮው እንደተወጠረ፣ የባሌ ዘመዶች ገና እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ሁሉም ተነሥቶ ወደየቤቱ ሄደ። ምክንያቱ የአንዲት ዶሮ ጨጓራ ነው።

የምሠራው በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፣ መዛግብት ቤት ነው። እናቴ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት «ዩኒቨርሲቲ የላክኋት አቧራ እንድትጠብቅ ነው» ትል ነበር። አቧራ ስጠብቅ የተማርኩት ነገር ቢኖር ምስክርን ለየብቻ መጠየቅ ነው። ስለዚህ እናቴን ከቀበርን በኋላ በቀብሯ ላይ የተባለውን ሁሉ ለየብቻ እየጠየቅሁ አጣራሁ። «ትዕግሥተኛ ነበረች» ያሉት ሐሰት ነው። «ሰው አስቀይማ አታውቅም» ያሉት በከተማችን በካሳማ ኖረው የማያውቁ ናቸው። ተጣርቶ የቀረው ይህ ነው።

ድግሱ አማች የማስገባት ድግስ ነበር። እሱ እስኪደረግ አማትና አማች አይተያዩም። እሷ በመንገድ ስትመጣ እሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፤ አንዱ ሲበላ ሌላው አያይም፤ መነጋገር ግድ ከሆነም በሦስተኛ ወገን ነው። በድግሱ ቀን አማት ሙሉ ዶሮ ሠርታ ታቀርብለታለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው፣ ቢሰዳደቡም ማንም አይገላግልም። ዶሮዋ ግን ምንም ሳይጎድላት መቅረብ አለባት። በተለይ ጠጠር የምትፈጭበት ያ ጠንካራ ጨጓራዋ። ጨጓራ የወንድ ነው፤ የአባት ነው፣ የባል ነው፣ የአማች ነው። ሴት ታበስለዋለች እንጂ አትቀምሰውም።

ያን ቀን ክዳኑን ያነሡት ባ ካፓሳ ናቸው። ባ ካፓሳ ለሙሽሮች ትዳርን የሚያስተምሩ አሮጊት ሲሆኑ፣ እኔንም እናቴንም ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። የሸክላ ድስቱም የእሳቸው ነበር። በማማሰያው ጫፍ ብልቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ደግመው ቆጠሩ።

«ጨጓራው የታለ?»

«መረቁ ውስጥ ይሆናል» አለች እናቴ።

«መረቁ ውስጥ የለም። መረቁ ውስጥ ያለው የእኔ ማማሰያ ነው።»

የባሌ አጎት ፎጣውን አስቀምጦ ተነሣ። «ልጃችንን በጎደሎ ዶሮ ልታስገቡት ነው? እንግዲያው ግማሹን አስገቡት፣ ግማሹን እኛ ይዘነው እንሂድ!» ወገኑ ሁሉ እየሳቀ ወጣ። ከቁጣው ይልቅ ሳቁ ነው የከፋን።

ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እናቴ ወንድም ወደ ማካሳ ዞረ። አጎቴ ማካሳ ከጠዋት ጀምሮ የኩሽናው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩም ያበራል።

«ከንፈርህ ለምንድን ነው የሚያብረቀርቀው?» አሉት ባ ካፓሳ።

«ቫዝሊን ነው!»

«አንተ ደግሞ ቫዝሊን ከመቼ ወዲህ?»

«ድግስ ነው ብዬ እኮ ነው! ሰው ለድግስ አይቀባም?»

ማንም አላመነውም። አጎቴ ማካሳ በሕይወቱ ብዙ የሌላ ሰው ምግብ በልቷልና ይህንንም ለመጨመር አልከበደንም። ባ ካፓሳ ድስታቸውን ትተው ወጡ። «ድስቱ ሥራውን ሳይጨርስ ቤቴ አይገባም» አሉ። «የበላው ሰው በገዛ አፉ ሳይናገርም ይህ ድስት ለዚህ ነገር እሳት ላይ አይወጣም።» አጎቴ በበኩሉ «ያልበላሁትን በላሁ አልልም» ብሎ የእናቴን ግቢ መርገጥ ተወ። እናቴ ድስቱን ሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

እናቴ ኤነሊስ ቻንሳ በቻምቤሺ ገበያ የሚበላ የደረቀ አባጨጓሬ ትሸጥ ነበር። ካሳማ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ባና ንካንዱ፣ የእኔ የንካንዱ እናት ነበረች። ሟቹን አባቴን «ያ ረጅም ሰውዬ» ትለዋለች። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከራት «እግር ያለውን አባጨጓሬ ትተህ ምላስ ያላትን እኔን ገዛህ» ብላ ራሷን ትሰድባለች፤ ደንበኛውም ሳያስበው ይከፍላል። ከእጇ የማይለይ ጥቁር ቦርሳ ነበራት፤ መዝጊያው ተሰብሮ በመርፌ ቁልፍ ነው የምትዘጋው። አማቿን አለማየቷንም አልጠላችውም። «አማች እንደ ወባ ትንኝ ነው፣ ድምፁን እየሰማሽ ካላየሽው ይሻላል» ትል ነበር። ድግሱን እንደገና እንደግስ ስንላት «ምን አስቸኮላችሁ?» ነበር መልሷ።

በ2022 ደረቷ ላይ እባጭ ወጣባት። ሕክምናው ያለው ሉሳካ ነው፤ በየጊዜው እየሄደች መርፌ መውሰድ ነበረባት። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፣ እግሯ ደግሞ ተቀምጣ ስትውል እንደ ዱባ ያብጣል። የቀረው አውሮፕላን ነበር። አብሯት የሚሄደው ደግሞ ሳምፓ፣ ባሌ፣ ያልገባው አማች። ሳምፓ ካሳማ ሆኖ የእህል ዘር የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር፣ ለሥራም ለእኔም ብሎ ሉሳካ መመላለሱ አይቀርም። ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

መፍትሔው እርሳሷ ሆነች። እርሳስ የምንላት ያቺን ቀጭን ትንሽ ጄት ነው፤ አየር መንገዱ ከማን እንደገዛት አይታወቅም፣ ወንበሮቿ ላይ የሌላ አገር ሰው ማስቲካ ተለጥፎ ነው የመጣችው። ስትነሣ ጣሪያዋ ያለቅሳል። ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ ጎንበስ እንዳለ ይወጣል። ግን በቀኝ በኩል ወንበሯ ሁለት ሁለት ሲሆን በግራ በኩል አንድ አንድ ነበር። በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው ከአንድ ጎኑ መስኮት፣ ከሌላው ጎኑ መተላለፊያ ነው፤ ክርኑን የሚነካው የለም። እናቴ ይህን ወንበር ባየች ጊዜ «ይህን አውሮፕላን የሠራው ሰው አማት አለችው» አለች።

እሷ ከፊት በግራ፣ ሳምፓ ከኋላ በቀኝ ይቀመጣሉ። መነጋገር ግድ ሲሆን እናቴ ለቦርሳዋ ትናገራለች።

«አንቺ ቦርሳ፣» ትላለች ጮክ ብላ፣ «ከኋላ ላሉት ሰውዬ ንገሪያቸው። እንዲህ ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር ሞተሩ የቆመ እየመሰለኝ ነው።»

ሳምፓ ከፊቱ ካለው ኪስ የአደጋ ጊዜ መመሪያውን ካርቶን ያወጣል። ካርቶኑ ላይ ጫማዋን የምታወልቅ ሴት ተስላለች። «እመቤት፣» ይላታል ለሥዕሏ፣ «ለተከበሩት እናት ይንገሩልኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ጉንፋን የያዘው ሰው ሹራብ ይለብሳል በያቸው።»

«ሹራቡን ልጃቸው አጥባ የሕፃን አድርጋዋለች ይበሉልኝ።»

«ልጄን የሚያማ ሰው ከዚህ በመስኮት ነው የሚወርደው በያቸው!»

የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ዊኒ ከምዕራብ፣ የሎዚ ጎሳ ናት፤ ልማዳችንን አታውቅም። እሷ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ቀን ሁለቱም መድኃኒታቸውን የረሱ በሽተኞች መስለዋት ነበር። ነገሩ ሲገባት ግን ለውዝ እያደለች መልእክት ማመላለስ ጀመረች። ተሳፋሪውም ለመደው። የካሳማ ሰው በእርሳሷ የሚሄደው ለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን የእናቴን ቦርሳ ለመስማትም ነበር የሚሉ አሉ። ይህኛው በሁለት ምስክር የተረጋገጠ ነው።

በ2023 መጀመሪያ ላይ አየር መንገዱ አሮጌ ትንንሽ ጄቶቹን ጡረታ ሊያወጣ መሆኑን በሬዲዮ አስነገረ። በምትካቸው ሰፊ፣ ዘመናዊና ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን እንደሚመጣ ተባለ። እናቴ ገበያ ላይ ሆና ሰማችው። «አርጅታለች ነው የሚሉት? እኔም አርጅቻለሁ። ማን ነው እኔን በሰፊ የሚተካኝ?»

ሰፊው አውሮፕላን ነዳጅ የሚቆጥበው ባለመምጣት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። እርሳሷ በሳምንት ብዙ ቀን ትመላለስ ነበር፤ አዲሱ የሚመጣው ሐሙስ ብቻ ሆነ። ለግማሽ ቀን ፍርድ ቤት ሉሳካ የሄደ ሰው ሳምንት ይቀመጣል። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለስብሰባ ሄዶ ሐሙስ አመለጠውና ሲመለስ ምክትሉ ቢሮውን ቀለም ቀብቶ፣ መጋረጃውን ቀይሮ ጠበቀው። ነጋዴዎች አባጨጓሬያቸውን በእጅ ይዘው መግባት ተከለከሉ፤ ሽታው ለሰፊ አውሮፕላን አይመጥንም ተባለ። ሁሉም የየራሱን አማረረ። እናቴ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበርና ወደ ትኬት ቢሮው ሄደች።

«ብቻውን ያለ ወንበር ስጪኝ» አለቻት ሠራተኛዋን።

«ማዮ» አለቻት፣ እናቴ እንደማለት፣ «አዲሱ ላይ ብቻውን ያለ ወንበር የለም። ሁለት ሁለት ነው፤ በግራም በቀኝም።»

«እንግዲያው አንዱን ፍቱት።»

«ምኑን?»

«ወንበሩን። በብሎን ነው የታሰረው፤ አይቼዋለሁ። ፍቱትና ጭነት ቤት አስቀምጡት።»

«ማዮ፣ አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ አይደለም እኮ።»

«አይደለም። ሚኒባስ በየቀኑ ይመጣል።»

ሠራተኛዋ ወረቀት አገላብጣ የባሰውን ነገረቻት። ባለፈው ጉዞ እናቴ ደረጃው ላይ ራሷን ስታ ስለነበር፣ ከእንግዲህ አስታማሚ አጠገቧ ካልተቀመጠ አይወስዷትም። አጠገቧ ማለት ደግሞ እዚያው፣ በሚቀጥለው ወንበር፣ ክርን ለክርን።

ማታ ደወለችልኝ።

«አልሄድም።»

«ማዮ፣ መርፌው ከተቋረጠ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ሐኪሙ የሚያወራው ስለ ደረቴ ነው። እኔ የማወራው ስለ ክርኔ ነው። የባልሽን ክርን ነክቼ በምን ፊቴ ገበያ እቀመጣለሁ?»

«እኔ እመጣለሁ።»

«በዚያ ሆድሽ? አውሮፕላኑን ልታጣምሚው ነው?»

እውነቷን ነበር፤ ልወልድ ተቃርቤ ስለነበር አውሮፕላን ላይ አያወጡኝም። ባ ካፓሳም አውሮፕላን አይወጡም፤ ሰማይ የተሰጠው ለሞቱ ሰዎች ነው ባይ ናቸው። ሳምፓ እስከ ሉሳካ ቆሞ ለመሄድ ጠየቀ፤ ሳቁበት። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነበር፤ ያ ድግስ መጨረስ አለበት። ሐሙስ ሳይመጣ ካልተጨረሰ እናቴ ቤቷ ትቀራለች፤ ቤቷ ከቀረች ምን እንደሚሆን ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል።

ባ ካፓሳን በስልክ ለመንኳቸው። ድግሱ ትንሽም ቢሆን፣ ከበሮ ባይኖረውም ችግር የለም አሉ። «ዶሮ አለ፣ ድስት አለ፣ እኔ አለሁ። የበላው ሰው ግን ይናገር። ጎደሎ ላይ ሌላ ዶሮ ብደርብበት ሁለት ጎደሎ ነው የሚሆነው።» አጎቴ ማካሳ ጋ ደወልኩ። «እህቴን እወዳታለሁ» አለኝ፣ «ግን ቫዝሊን ነበር» ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 13 ቀን ሳምፓ እናቴን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በታክሲ ላካት፤ እሱ በእግሩ መጣ። እንደማትሄድ እየተናገረች፣ ሻንጣዋን ግን ይዛ ነው የሄደችው። ባ ካፓሳ ደግሞ ሌሊቱን ዶሮ ሲሠሩ አድረው ድስቱን በጨርቅ አስረው ደረሱ፤ ከእናቴ ቤት ሽንኩርቱን አስወጥተው የወሰዱት ዋዜማውን ነበር። «ማን ያውቃል፣ ሰው ልብ ይገዛ ይሆናል» አሉ። ሳምፓ እኔ እንድሰማ ስልኩን ከፍቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት ሉሳካ ሆኜ ከባሌ ሸሚዝ ኪስ ነው፤ ያልጠራውን በኋላ ከተገኙት አጣርቼ ሞልቻለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የጥበቃውን ድምፅ ነው።

«ማዮ፣ ድስቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ዶሮ» አሉ ባ ካፓሳ።

«ፈሳሽ አለው?»

«መረቅ የሌለው ዶሮ ማን ሰጥቶህ ያውቃል? ምስኪን። ሚስት የለህም?»

«አለችኝ፣ ማዮ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል፤ ምስክር ትሆናለህ።»

ወዲያው ሁካታ ሆነ። አጎቴ ማካሳ በብስክሌት ደርሶ ነበር፤ ትንፋሹ እዚህ ድረስ ይሰማል። አዳራሹ መሐል ቆሞ ጮኸ።

«እሺ! እኔ ነኝ የበላሁት! በጨው በላሁት! አሁን ደስ ይበላችሁ፤ እህቴን አውሮፕላኑ ላይ አውጧት!»

«ተመስገን» አሉ ባ ካፓሳ። «አራት ዓመት ሙሉ ይህን ማለት ከበደህ? በሉ፣ ጨርቁን ፍቱት።»

ጨርቁ ሲፈታ ይሰማኛል። ከዚያ የእናቴ የመርፌ ቁልፍ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው።

«አንቺ ቦርሳ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። «ወንድሜን ውሸታም ነህ በይው። ባ ካፓሳንም ድስቱን አይክፈቱ በያቸው። እሱ አልበላም። ቫዝሊን ነበር።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ ባ ካፓሳ።

«እኔ ስለበላሁት ነዋ።»

ሉሳካ ሆኜ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ ምጥ መጥቶብኝ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ።

«የአባቴን ጨጓራ አበሰልኩ» አለች እናቴ፣ ቦርሳውን ትታ። «የወንድሞቼን አበሰልኩ። የዚያን ረጅም ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት አበሰልኩ። ደግሞ የአማች መጣ። ያን ቀን ድስቱ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። እስቲ ይህ ሁሉ ወሬ የሚወራለት ነገር ምን ይመስላል ብዬ አፌ ውስጥ ጣልኩት።»

«እና?» አለ ጥበቃው። ማንም እሱን አልጠየቀውም ነበር። «እንዴት ነበር?»

«የጫማ ሶል ነው! ሳኝከው ባ ካፓሳ ገቡ፣ ሳይደቅ ዋጥኩት። ሳምንት ሙሉ እዚህ ጋ ተቀምጦብኝ ነበር።»

«አራት ዓመት!» አለ አጎቴ ማካሳ። «አራት ዓመት የሰው ጨጓራ በላህ ተብዬ፣ ሠርግ ሳይጠሩኝ!»

«ማን ቫዝሊን ተቀባ አለህ?»

«ዛሬ እንኳ ልዋሽልሽ መጣሁ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ እኮ ነው የተናገርኩት።»

ከዚያ ሁሉም የባ ካፓሳን ፊት ማየት ጀመረ። አማት ራሷ የአማቿን ድርሻ በልታ ድግሱ የሚጸና እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም። ውጭ የአዲሱ አውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። ተሳፋሪዎች ሰልፍ ይያዙ የሚል ማስታወቂያ ተነገረ።

የተናገረው ሳምፓ ነው። የአደጋ ጊዜ ካርቶኑ አጠገቡ ስላልነበር ለድስቱ ተናገረ።

«አንቺ ድስት፣ ለተከበሩት እናት ንገሪልኝ። እኔ ጨጓራ አልወድም። ወድጄም አላውቅም። ልጃቸው ባበሰለች ቁጥር ክብርህ ነው እያለች ስታቀርብልኝ እንደ ወባ ክኒን ነው የምውጠው።»

ይህን እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። በመዝገቤ ላይ የሰፈረው ግን «ይወዳል» የሚል ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባ ካፓሳ ማማሰያውን ድስቱ ላይ መቱት።

«ዝም በሉ! አንዷ ሳይፈቀድላት በላች፣ አንዱ ሳይፈልግ ይበላል፣ አንዱ ያልበላውን በላሁ ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር የኖርኩት ለእናንተ ነው? የበላው ይናገር ብዬ ነበር፣ ተናግራለች። አልቋል። ነይ አጉርሺው፤ አንተም አልወድም አልክ፣ ብላ!»

እናቴ ንሺማ፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ ጠቅልላ፣ ጨጓራውን በመሐሉ አድርጋ ለሳምፓ አጎረሰችው። በዚያች ቅጽበት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሱ እንደሚለው ዓይኗ የእኔን ይመስላል፣ ብቻ ይበልጥ ይስቃል። ሳምፓ ማኘክ ጀመረ። አኘከ። የመጨረሻው ጥሪ ተነገረ። አሁንም ያኝካል።

«ዋጠው እንጂ!» አለ ጥበቃው። «አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው!»

ዋጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴና ባሌ እየተደጋገፉ አስፋልቱን ሲያቋርጡ የኮቴያቸውን ድምፅ ሰማሁ፤ ደረጃውን ወጡ፤ ቀበቶ ሲታሰር ሰማሁ። ከዚያ እናቴ ያለ ቦርሳ፣ ያለ አስተናጋጅ፣ በቀጥታ ለአማቿ የተናገረችውን የመጀመሪያ ቃል ሰማሁ።

«አንተ፣ ክርንህን ሰብስብ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሐሙስ አብረው ሄዱ። በመስኮቱ ተጣሉ፣ በለውዙ ተጣሉ፣ በመንግሥት ተጣሉ። እሷ እርሳሷን መናፈቅ አልተወችም። «ያኔ እኮ እንከባበር ነበር፤ አሁን ትከሻዬ ላይ እያንኮራፋ ነው የምንሄደው» ትለኛለች። ትኬት ቢሮ ሄዳም ከእርሳሷ የግራውን ነጠላ ወንበር ፈትተው ለበረንዳዋ እንዲሸጡላት ጠይቃለች፤ መልሱን አላገኘሁም። አጎቴ ማካሳ ወደ ግቢዋ ተመልሶ የአራት ዓመቱን ምግብ በጥቂት ወር ውስጥ በላ። እናቴ ልጄን ታቅፋ «ይህ ልጅ የአባቱ መንጋጋ አለው፤ ይጠቅመዋል» አለች። ሁለት ሐሙስ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ቀረ፤ ምክንያቱ አልተነገረንም። መርፌው ሳይሠራ የቀረው በዚያ የተነሣ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄው «መናገር አይቻልም» አለኝ። እኔም ያልተረጋገጠ ነገር አልጽፍም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልጋትም ተባለ።

ቅዳሜ፣ ማርች 2 ቀን 2024 እናቴ በጠዋት ተነሥታ የባ ካፓሳን ድስት በአሸዋ አሸችው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ከተመለሰ ጀምሮ ኩሽናዋ ውስጥ ነበር፤ ሥራውን ስለጨረሰ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት። በእኛ ዘንድ የተዋሱትን ድስት ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ዱቄትም ቢሆን፣ ለውዝም ቢሆን የሆነ ነገር ይገባበታል። ቻምቤሺ ገበያ ሄዳ ዶሮ ገዛች፤ ሻጩ ብልቱን ሳያጓድል እንዲሰጣት ስትጨቃጨቅ ያዩዋት አሉ። ቤቷ ሠራችው። ዶሮውን ለሳምፓ ላከችለት፤ ሳምፓ ቆጥሮታል፣ ጨጓራው አልነበረም።

ከዚያ ድስቱን በጨርቅ አስራ፣ በየአጥሩ ጥግ እያረፈች፣ ባ ካፓሳ ቤት ድረስ በእግሯ ወሰደችው።

«ከባድ ነው» አሉ ባ ካፓሳ ሲቀበሏት። «ምን አድርገሽበታል?»

«ይክፈቱት።»

ባ ካፓሳ ክዳኑን አንሥተው አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ማንም የለም።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጥርስ አለዎት አይደል? ጨው በደንብ አድርጌበታለሁ።»

ባ ካፓሳ ድስቱ መመለሱን፣ ንጹሕ መሆኑን፣ ክዳኑም አለመሰንጠቁን አረጋግጠውልኛል። ውስጡ ስለነበረው ነገር ግን «እኔ የምመሰክረው ስለ ድስቱ ብቻ ነው» ብለውኛል። እናቴ ውኃ ጠይቃ ጠጣች፤ ጨርቋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መርፌ ቁልፉን ዘጋችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።